አውስተር ለቀማ ሄጄ ያገኘሁት ወረቀት

ጉዞው ሦስት ቀን ነበር፤ ጥርጣሬው ግን ከፍራንክፈርት ዋናው ባቡር ጣቢያ ሳንነሣ አብሮኝ ተሳፍሯል። ከተመለስኩ ወዲህ የማኅበራችን ሴቶች «ባሕሩ እንዴት ነው? ሰዎቹስ?» እያላችሁ መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጣችሁኝ፣ ለእያንዳንዳችሁ ከምደጋግመው አንዴ ጽፌ ልገላገል ብያለሁ። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ አትሄዱም። ብትሄዱም የምታዩት ጭቃ ነው።

ነገሩ የጀመረው በልጄ በቤዛ ነው። ቤዛ ነርስ ናት፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሞልቷታል። አባቷ ካረፈ ወዲህ ቦርንሃይም ሰፈር አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን ብቻ ነን። ከሁለት ዓመት በፊት የንስ የሚባል ረጅም ጀርመናዊ ይዛ መጣችና «እንጋባለን» አለችኝ። ልጁ ክፉ አይደለም። ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፣ የቀረበለትን ይበላል። እኔ ግን ያን ቀን ደሜ ፈላና «ሽማግሌ ሳይላክ ልጄን የሚወስድ የለም» ብዬ ቁርጡን ነገርኳት። ይህን ያልኩት እንደማይሆን ስለማውቅ ነው። የምሠራው ሳክሰንሃውሰን፣ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እዚህ አገር ሽማግሌ ሲላክ ያየሁት ወደ እኛ መጦሪያ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ተልኮ አላየሁም። ነገሩም በዚያው ተድበስብሶ ቀረ።

ታዲያ በ2004 ዓ.ም. ጥቅምት ቤዛ ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ «እማዬ፣ የየንስ አባትና እናት ጋብዘውሻል» አለችኝ።

«የት?»

«ሰሜን ባሕር ዳር፣ እነሱ መንደር። አውስተር እንለቅማለን።»

አውስተር ማለት ድንጋይ በመሰለ ዛጎል ውስጥ ተዘግቶ የሚኖር የባሕር ፍጡር ነው። ፈረንጆች ከፍተው፣ ሎሚ ጨምቀው ጥሬውን ይውጡታል። በእኛ እምነት ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ነገር እንደማይበላ ቤዛ ጠንቅቃ ታውቃለች።

«የማልበላውን ለምንድን ነው የምለቅመው?»

«መልቀም ብቻ! ቬተሩም ጥሩ ነው፣ አይዘንብም ተብሏል። ኡርላውብሽንም ከሼፍሽ ጋር ጨርሼልሻለሁ።»

እናንተው ፍረዱ። ዕረፍቴን ከአለቃዬ ጋር የምትጨርስልኝ ከመቼ ወዲህ ነው? የንስ እዚያው በትውልድ መንደሩ አጠገብ ሥራ እንዳገኘ በጆሮዬ ደርሷል። ቤዛ ከተከተለችው በመካከላችን የሰባት ሰዓት የባቡር መንገድ ሊኖር ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠረጠርኩ። አንደኛው፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደው ተፈራርመው ጨርሰዋል፤ የሚያረዱኝ ሜዳ ላይ አውጥተው ነው። ሁለተኛው፣ ገና አልጨረሱም፤ የእኔ ፊርማ ጎድሏቸዋል። ለማንኛውም ሄጄ በዓይኔ ልየው ብዬ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ዓርብ

ጠዋት ተነሣን። የጾም ፍርፍሬን በፕላስቲክ ዕቃ ይዣለሁ፤ በሰው አገር በጾም ቀን ማንን አምኜ እበላለሁ? የንስ ሻንጣዬን ተሸክሞ ከፊት ከፊት ይሄዳል። አንድ ሰው ሻንጣዬን ሲቀበለኝ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ «ይህን ያህል መሽቀዳደም ለምን አስፈለገ?» እያልኩ ጀርባውን አየዋለሁ።

ሐምቡርግ ላይ ባቡሩ ፈርሽፔቱንግ አለው፣ ይዘገያል ተብሎ ሃምሳ ደቂቃ ቆምን። እዚያ ወንበር ላይ ሸለብ አድርጎኝ ስነቃ ቤዛና የንስ አንገት ላንገት ተቃቅፈው ያንሾካሹካሉ። ዓይኔን ስገልጥ ተላቀው ቀና አሉ።

«ምን ተባለ?» አልኳት።

«ጋር ኒክስ» አለች፤ ምንም ማለቷ ነው። ልጄ የምትደብቀው ነገር ሲኖር ነው በጀርመንኛ የምትመልስልኝ።

ከሐምቡርግ ወዲያ አገሩ ሜዳ ነው። የተወለድኩባት ጅሩም ሜዳ ናት፤ ግን የጅሩ ሜዳ መጨረሻው ገደል ስለሆነ ሰው የት እንደሚያቆም ያውቃል። ይኼኛው እየሄደ እየሄደ ምንም ሳይል ባሕር ውስጥ ይገባል። በጎቹ እንኳ እረኛ የላቸውም፣ ሽቦ ነው የሚጠብቃቸው።

ጣቢያው ላይ የየንስ አባት ኡቨ ተቀበለን። የእኔ ዕድሜ አካባቢ ነው፣ ጥቂት ይበልጠኝ ይሆናል፤ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ። «እንኳን ደህና መጡ፣ ፍራው ተሰማ» አለኝ። ስሜ ዘነበች ነው፤ ግን እዚህ አገር የምጠራው በአባቴ ስም ስለሆነ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ አባቴ ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ዞር ስል ኖሬአለሁ።

ቤታቸው ቀይ ጡብ ነው፣ ጣሪያው ሣር። በእኛ አገር ቆርቆሮ መግዣ ያጣ ነው ሣር የሚከድን፤ እዚያ ግን የሣር ክዳን ኩራት ነው አሉኝ። ሚስቱ ኤልከ እጄን በሁለት እጇ ይዛ አስገባችኝ። እራት ቀረበ፤ ድንች፣ ጎመን፣ የተልባ ዘይት። ቅቤ የለ፣ አይብ የለ፣ እንቁላል የለ። የቀሩት ዓሣ ሲበሉ ለእኔ ብቻ ለብቻው ተሠርቷል። ድስቱን ሳየው አዲስ ነው፤ የሱቁ ወረቀት ከጎኑ ገና አልተላጠም። መጾሜን ማን ነገራቸው? ለአንድ እንግዳ አዲስ ድስት የሚገዛ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ፍርፍሬን ሻንጣዬ ውስጥ ትቼ ድንቹን በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ መጣፈጡ ራሱ አልተመቸኝም።

ከእራት በኋላ ውኃ ልጠጣ ወደ ወጥ ቤት ስገባ፣ ኡቨ መስኮቱ አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። የታጠፈ ወረቀት ይዞ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ኮቴዬን ሲሰማ ወረቀቱን ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ወሸቀና እንደ ተማሪ ቀላ። እኔ በዚህ አገር ያለ ምክንያት የቀረበልኝ ወረቀት የለም፤ ሁሉም ከታች ባዶ መስመር አለው፣ ባዶው መስመር ላይ እኔ እፈርማለሁ። «አሃ፣ ይኸው» አልኩ በልቤ።

ወደ አልጋዬ ስገባ ብርድ ልብሱ ውስጥ ለስላሳና ሞቃት ነገር እግሬን ነካኝ። ድመት መስሎኝ ጮኽኩ። ቤዛ ሮጣ መጣች። ኤልከ እግሬ እንዳይበርደኝ ብላ ያስቀመጠችው የሙቅ ውኃ ላስቲክ ነበር። ቤዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ትንሽ ነው የሳቅሁት።

ቅዳሜ

ቁርስ እንደበላን ኡቨ ጎማ ቦቲ አመጣልኝ። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት። የእግሬን ልክ ሳይቀር አጥንተዋል። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው ዕድሜ ልካቸውን ጀልባ ሲነዱ የኖሩ፣ ሰማንያን ያለፉ፣ ከዘራ የያዙ ሰው ናቸው፤ መንደሩ ካፒቴን ይላቸዋል። ሌላው ጡረታ የወጡ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ሁለቱም ጨበጡኝና ቁመቴን፣ ፊቴን፣ እጄን አዩ። እንደ ገበያ ከብት ታየሁ። ለአንድ ቅርጫት አውስተር ይህ ሁሉ ሰው ለምን ያስፈልጋል?

ባሕሩ ግን አልነበረም። እውነቴን ነው፣ ሄዷል። ዓይን እስከሚደርስበት ግራጫ ጭቃ፣ እዚህም እዚያም የሚያበራ ኩሬ። ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሰው የሚለቅመው በዚያ መካከል ነው። ካፒቴኑ ጉልበታቸው ስለማይችል ባሕሩን ከመንደሩ ከሚለየው ግድብ ሥር የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ፤ በአንድ እጃቸው ሰዓት፣ በሌላው ጥሩምባ። ውኃው ሲዞር ይነፋሉ፣ ሲነፋ መመለስ ነው፤ ቀልድ የለውም።

ጭቃውስ ለእኔ አዲስ አይደለም። ጅሩ የዋልካ አገር ናት፤ ክረምት ላይ ዋልካ እግርን ይዞ የማይለቅ ባለጌ ጭቃ ነው። ያደግነው ተረከዝን ጠምዘዝ አድርጎ ማውጣት እየተማርን ነው። ኡቨ ክንዱን ዘረጋልኝ፣ አልያዝኩትም። ሲያይ ከልጁ ቀድሜ እሄዳለሁ። «የት ነው የተማሩት?» አለኝ። «ቤቴ» አልኩት።

ግማሽ ሰዓት ያህል ሄደን ለቀማው ቦታ ደረስን። አውስተሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ተጣብቀው እንደ ፈረሰ የድንጋይ ካብ ተከምረዋል። ጠርዛቸው ምላጭ ነው፤ ጓንት ሳያደርጉ የነካ ይቆረጣል። በትንሽ መዶሻ መገጣጠሚያውን መታ ሲያደርጉት አንዱ ይለቃል። አፉ ገጥሞ የተዘጋውን ይወስዳሉ። የተከፈተ ካለ ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ካልተዘጋ የሞተ ነውና ይተዉታል። ትንንሾቹን እንዲያድጉ እዚያው ይመልሳሉ። የሚለቀመውም ለገዛ ቤት ማዕድ ያህል ነው። ሥራው ከምስር ለቀማ ብዙ አይለይም፤ ዓይንና ትዕግሥት ነው። ሳላስበው ቅርጫቴ ከሁሉም በፊት ሞላ። ዳቦ ጋጋሪው አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፣ ደስ በማለቴም ራሴን ታዘብኩ።

«እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ አንድም አልነበረም» አለኝ ኡቨ ጎንበስ እንዳለ። «ከሩቅ ባሕር የመጡ ናቸው። መጀመሪያ ሰዉ ተቆጣ፤ የእኛን ነባር ዛጎሎች ሊያጠፉብን ነው አለ። አሁን ነባሮቹ በእነዚህ መካከል ተደብቀው ከወፍ ይተርፋሉ።»

ምሳሌው ለእኔ የተነገረ መሰለኝ። ፊቱን አየሁት፤ የሚያወራው ግን ስለ አውስተር ብቻ ነበር መሰለኝ።

ቀና ስል ቤዛና ዳቦ ጋጋሪው ራቅ ብለው ቆመዋል። ልጄ እጇን እያንቀሳቀሰች ታስረዳለች፣ ሽማግሌው እንደ ተማሪ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ወደ እኔ ጠቆመች። አሁንስ በዛ ብዬ ወደ እነሱ ስፈጥን ተረከዜን መጠምዘዝ ረሳሁ። ግራ እግሬ እስከ ጉልበቴ ገባ። ቦቲው ቀረ፣ እኔ በካልሲዬ ወጣሁና በእጄ ጭቃው ላይ ተደፋሁ። የዚያን ጊዜ ነው ጥሩምባው የተነፋው።

ኡቨ ሮጦ መጣ። ደረቱን ጭቃው ላይ አስደግፎ ቦቲውን በሁለት እጁ ሲስብ፣ ያ ወረቀት ከሸሚዝ ኪሱ ሾልኮ ወደቀ። እሱ አላየም። እኔ አየሁ። እንደ ሌባ መዳፌን ጫንኩበትና ሹራቤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ጥሩምባው ሁለተኛ ሲነፋ ከኋላችን ያለው ቦይ ውኃ መያዝ ጀምሯል። ኡቨ በአንድ ክንዱ እኔን፣ በሌላው የእኔን ቅርጫት ይዞ ግድቡ ድረስ አደረሰን። አንድ አውስተር አልጣለም። ካፒቴኑ ሰዓታቸውን እያዩ አመድ መስለው ነበር።

ታጥቤ በሬን ዘጋሁና ወረቀቱን አወጣሁ። ጫፉ በጭቃ ውኃ ተነክሯል፣ ጽሑፉ ግን ይነበባል። ፊደሉ የጀርመን ነው። ጀርመንኛ ነው ብዬ ጀመርኩ፤ ትርጉም አልሰጥ አለኝ። ድምፄን አውጥቼ እንደ ሕፃን በቁርጥራጭ አነበብኩት። ጆሮዬ ከዓይኔ ቀድሞ ገባው፤ አማርኛ ነበር።

«ወይዘሮ ዘነበች፣ እኛ ሦስታችን ለትልቅ ጉዳይ መጥተናል። መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም። ልጅዎን ቤዛን ለልጃችን ለየንስ ይስጡን።»

ከየቃሉ ሥር በእርሳስ ተሰምሯል። ዳር ላይ በቤዛ እጅ ጽሑፍ «ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው» የሚል የጀርመንኛ ማስታወሻ አለ። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት ሊበጠስ ደርሷል። ስንት ሳምንት ሲያጠናው ኖሯል? አልጋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ካለቀስኩም በኋላ ጥርጣሬዬ አልተወኝም፤ ተውኔት ቢሆንስ፣ ሊስቁብኝ ቢሆንስ?

ማዕድ ቀረበ። አውስተሩ በትልቅ ሳህን፣ የእኔ ድንች በአዲሱ ድስት። ተቀመጥኩ። ኡቨ፣ ካፒቴኑና ዳቦ ጋጋሪው ሸሚዛቸውን ቀይረው ገቡና ከጠረጴዛው ማዶ ተደርድረው ቆሙ። ካፒቴኑ ክራቫት አስረዋል። ኡቨ ኪሱን ዳበሰ። ሌላውን ኪስ ዳበሰ። የሱሪውን ገለበጠ። ፊቱ እንደ ጡቡ ቀላ። ዳቦ ጋጋሪው የራሳቸውን ኪስ ይዳብሱ ጀመር። ቤዛ ከንፈሯን ነክሳ መሬት መሬት ታያለች።

እጄ ሹራቤ ኪስ ውስጥ፣ ወረቀቱ ላይ ነው። ዝም ብል ነገሩ ያልፋል። የሚጠይቀኝ የለም፣ የምመልሰውም የለም፤ ልጄም ሰኞ ከእኔ ጋር ቦርንሃይም ቁርሷን ትበላለች። ይህን አሰብኩ፣ አልደብቅም።

ከዚያ የካፒቴኑን ጉልበት አየሁ። ሱሪው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የአረጋውያንን ጉልበት እኔ አውቃለሁ፤ በየቀኑ ሲቀመጡ እደግፋቸዋለሁ። የጀርመን ሽማግሌ ለእኔ ብሎ ሲቆም ግን በሕይወቴ አላየሁም።

ወረቀቱን አውጥቼ ለኡቨ ሰጠሁት። «ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው» አልኩት በጀርመንኛ።

ቤዛ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኡቨ አነበበ። አማርኛችንን እንደ አውስተር ቅርጫት እየተሸከመ፣ አንድ ቃል ሳይጥል ጨረሰው። «አንቀመጥም» የሚለው ላይ ሦስቱም አንድ ላይ አሉት።

እኔ ልታጭ ሽማግሌ የመጣው አባቴ ተሰማ ዘንድ ነው። ሦስት ጊዜ መለሳቸው፣ በአራተኛው ሰጠኝ። እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ማንም አልጠየቀኝም። አሁን ሦስት ሰዎች ፊቴ ቆመው እኔን ይጠይቁኛል።  እንባዬ ሊመጣ ሲል እቆጣለሁ።

«ተሳስታችኋል» አልኩ። «አንደኛ፣ አባት ራሱ አይመጣም፣ ሰው ይልካል። ሁለተኛ፣ ሽማግሌ ወደ ልጅቷ ቤት ይሄዳል እንጂ እናትየውን ጠርቶ በራሱ ቤት አይጠይቅም። እኔም ዘመድ አማክራለሁ። ቴርሚን እሰጣችኋለሁ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ፣ ቦርንሃይም።»

ካፒቴኑ ማስታወሻ ደብተር አውጥተው ጻፉት።

«አሁን ይቀመጡ፣ ጉልበትዎ» አልኳቸው።

«አንቀመጥም» አሉ በአማርኛ። መልስ አላገኙማ። ያን ሁሉ አውስተር ሦስቱም ቆመው በሉት። እኔም መቀመጡ ስላሳፈረኝ ድንቼን ይዤ ቆምኩ፤ ኤልከና ልጆቹም ተነሡ። እንደዚያ ሆነን በላን።

እሑድ

ኤልከ አዲሱን ድስት በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ሌላ ነገር አልነካውም፣ የእርስዎ ነው» አለችኝ። በባቡሩ ውስጥ ድስቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ጣቶቼ ላይ ጓንቱን ዘልቆ የገባው የአውስተሩ ጭረት ያቃጥላል። ቤዛ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ሰባት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ አይመጡም። ለጀርመን ሰው ቀላል ነው፣ ደውሎ ቴርሚኑን ይሰርዛል። አለመምጣታቸውን እየተመኘሁ ይሁን እየፈራሁ ግን ለራሴም አልለይ አለኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

ከእናንተ መካከል ሁለታችሁን በዘመድ ቦታ አስቀምጬ፣ ሽሮውን በዚያው ድስት ጥጄ ጠበቅሁ። በቀጠሮው ደቂቃ ደወሉ ተደወለ። የእኛ ሕንፃ አሳንሰር የለውም። ደረጃው ላይ ከዘራው ሲወጣ ሰማሁት፤ ኳ ይላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ኳ ይላል። አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ በሩን ይዤ ቆምኩ።

ሦስቱም ገብተው ሶፋው ፊት ተደርድረው ቆሙ። አባት ራሱ አይመጣም ብልም ኡቨ መጥቷል፤ በዚህ ጊዜ ግን ወረቀት አልያዘም። በቃሉ አለው፣ እኔን እያየ፣ እስከ መጨረሻው።

እንደ አባቴ ልመልሳቸው ልቤ ከጅሎ ነበር። ሌላ ቴርሚን ብሰጥ ያም ወግ ነው። ቤዛን ፈለግኋት። ጓዳ አልገባችም፤ ከጎኔ ቆማለች፣ እየሰማች፣ እንዳላያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ወንበር ስቤ ከካፒቴኑ ኋላ አስጠጋሁና «ተቀመጡ» አልኩ። በእኛ ወግ ይህ በቂ ነው፤ ተቀመጡ ማለት እሺ ማለት ነው።

ካፒቴኑ ግን ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዘራቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«አንቀመጥም» አሉ።

ወንበር ሲቀርብላቸው እምቢ እንዲሉ ማንም አላስጠናቸውም። ቃሉን አፍ አውጥቼ ካልተናገርኩት የሚቀመጡ አልሆኑም።

«ሰጥቻችኋለሁ» አልኩ። «ልጄን ሰጥቻችኋለሁ። አሁን ተቀመጡ።»

ቤዛ ወደ ጀርመንኛ መመለስ ጀመረች። ካፒቴኑ ግን ገብቷቸው ተቀመጡ፤ ዳቦ ጋጋሪው ተቀመጡ፤ ኡቨም ተቀመጠ። መቀመጥ ያቃተኝ እኔ ነበርኩ።